ቤት ሳይቆጥሩ የተጋቡ ነገሥታት

(በአንድ የንባብ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል)

እንደምን አመሻችሁ?

በአንድ ሰርግ ልጀምር። ሰርጉ ግን አልተሰረገም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአክስቴ ልጅ ሊያገባ ፈለገና ሽማግሌ ተላከ። ልጅቷ ጨዋ፣ ቤተሰቧ ደህና ሰው፣ አዳራሹ ሳይቀር ቀብድ ተከፍሎበታል። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቤት መቁጠር ጀመሩ። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት እያሉ ወደ ላይ ወጡ። ጥግ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ሲሰሙ የቆዩ አንዲት እናት «እንዴ! እኚህ ሰውዬ እኮ የኛም ናቸው» አሉ። በቃ። አምስተኛው ቤት ላይ ተገናኙ። ቡናው ሳይፈላ ነገሩ ቀረ። የአዳራሹም ቀብድ አብሮ ቀረ።

ሙሽራው ለወራት አኮረፈ። «አምስት ቤት ምን አላት? ሰውየውን ማን ያውቃቸዋል?» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ከእኚያ እናት በቀር ማንም አያውቃቸውም።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ስለ ሃብስበርግ ነገሥታት አነብ ነበር። ስፔንንና ኦስትሪያን፣ ኔዘርላንድንና ግማሽ ጣሊያንን፣ ከባሕር ማዶ ደግሞ ሜክሲኮንና ፔሩን ስለገዛው ቤተሰብ ማለት ነው። እነሱ ዘንድ አምስት ቤት የሚባል ጣጣ የለም። አጎት የእህቱን ልጅ ያገባል። ልጃቸው ደግሞ ተመልሶ አጎቱ ቤት ይዳራል። የአክስቴ ልጅ ይህን ቢሰማ ኖሮ ምን ይል ነበር እያልኩ ብቻዬን ስቄያለሁ። እየገፋሁ ሳነብ ግን ሳቁ ቀረ። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ቤተሰብ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለነገሥታቱም «አንቱ» አልልም፤ ብዙዎቹን የማነሣቸው በልጅነታቸው ስለሆነ አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። ቤት መቁጠር የእኛ ብቻ ወግ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። የምዕራቡም ቤተ ክርስቲያን በአንድ ዘመን እስከ ሰባት ድረስ ይቆጥር ነበር። በ1215 ሮም ላይ በተደረገው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ሰባቱ ወደ አራት ወረደ። አራትም ቢሆን ትንሽ አይደለም፤ የአጎትና የአክስት ልጅ ቀርቶ የእነሱ የልጅ ልጆች እንኳ አይጋቡም ማለት ነው። ነገር ግን በሩ ላይ ቁልፍ ነበረው። ከጳጳሱ ልዩ ፈቃድ ያገኘ ሰው ማግባት ይችላል። ተራው ገበሬ ይህን ፈቃድ ከየት ያመጣል? ንጉሥ ግን ሮም መልእክተኛ አለው። ስለዚህ ሕጉ ለሁሉም ነበር፤ ፈቃዱ ደግሞ ለጥቂቶች።

ሃብስበርጎች ሲጀምሩ እንዲህ አልነበሩም። እንዲያውም ትልቅ ያደረጋቸው ከባዕድ ጋር መጋባት ነው። በ1477 የቡርጎኝ መስፍን ጦር ሜዳ ላይ ሞተ። ብቸኛ ወራሹ ማሪ የምትባል የ19 ዓመት ልጅ ናት። የዛሬዎቹን ቤልጂየምና ኔዘርላንድ አብዛኛውን ክፍል የያዘ ሀብታም አገር በእጇ አለ። ከቪየና ማክሲሚልያን የሚባል የ18 ዓመት ልዑል መጥቶ አገባት። ኪሱ ባዶ ነበር። ማሪ ከአምስት ዓመት በኋላ በወፍ አደን ላይ ከፈረስ ወድቃ ሞተች። አገሩ ግን ለልጇ ለፊሊፕ ቀረ። ማለትም ለሃብስበርግ።

ያ ፊሊፕ በ1496 የስፔን ነገሥታትን ልጅ ሁዋናን አገባ። ሁዋና ስታገባ ዙፋን የሚባል ነገር አይጠብቃትም ነበር። ከፊቷ ወንድም አለ፣ ታላቅ እህት አለች። ወንድሟ በ1497 ሞተ፤ 19 ዓመቱ ነበር። እህቷ በ1498 ልጅ ስትወልድ ሞተች። የወለደችው ልጅም ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1500 ሞተ። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ቀብር። ስፔን ሳትታሰብ በሃብስበርግ ሚስት እጅ ገባች። «ሌሎች ይዋጉ፤ አንቺ የታደልሽው ኦስትሪያ ግን አግቢ» የሚል የላቲን ስንኝ ስለዚህ ቤተሰብ ይጠቀሳል። ስንኙን የሚወዱ ሰዎች ቀብሩን አያነሡም።

ሁዋናስ? ባሏ በ1506 ሞተባት። «አብዳለች» ተባለ። ከ1509 ጀምሮ ቶርዴሲያስ በሚባል ከተማ ተዘጋባት። መጀመሪያ አባቷ፣ ቀጥሎ የገዛ ልጇ አስጠበቋት። በ1555 እስክትሞት ድረስ 46 ዓመት። ማበዷን የሚያምን ታሪክ ጸሐፊ አለ፤ ዙፋኑ ስላስፈለጋቸው ነው የሚልም አለ። እኔ እንጃ፤ 46 ዓመት ተዘግቶበት ጤነኛ የሚሆን ሰው ግን አላውቅም። ለማንኛውም ይቺን ሴት አስታውሷት። ቆይተን ቤት ስንቆጥር በሄድንበት ሁሉ የምናገኘው እሷን ነው።

ልጇ አምስተኛው ቻርልስ የአውሮፓን ግማሽ ወረሰ። አገጩ ወደ ፊት የወጣ፣ ከንፈሩ የተንጠለጠለ፣ አፉ በደንብ የማይገጥም ሰው ነበር። በወጣትነቱ ስፔን ሲገባ አንድ የአገሩ ሰው «ጌታዬ፣ አፍዎን ይዝጉ፤ የዚህ አገር ዝንብ ደፋር ነው» አለው የሚባል ቀልድ አለ። እውነት ይሁን ፈጠራ፣ አገጩን ግን በሥዕሎቹ ላይ ታዩታላችሁ። ሲያረጅ ሁሉንም ተወውና አገሩን ለሁለት ከፈለው። ስፔን ለልጁ ለዳግማዊ ፌሊፔ፣ ኦስትሪያ ለወንድሙ ለፈርዲናንድ ሆነ። አንድ ቤት ሁለት ቤት ሆነ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱ ቅርንጫፎች እንዳይለያዩ ፈሩ። መሬቱ ወደ ሌላ ሰው እንዳይሄድ ፈሩ። በዚያ ላይ አውሮፓ በሃይማኖት ተከፍላለች፤ ለካቶሊክ ንጉሥ የፕሮቴስታንት ልዕልት አትሆንም። ከንጉሥ ያነሰ ቤተሰብም አይታሰብም። ታዲያ ማን ቀረ? ማድሪድ ቪየናን አየ፣ ቪየና ማድሪድን አየ። ልጅ ተለዋወጡ። ደግመው ተለዋወጡ። በአማርኛ «ቤት» የምንለው ቃል ለትውልድም ለሥርወ መንግሥትም ይሆናል፤ እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ቤት መቁጠር ተዉ።

ዳግማዊ ፌሊፔን ተመልከቱት። አራት ጊዜ አግብቷል። የመጀመሪያዋ ሚስቱ በአባቱም በእናቱም በኩል የአክስትና የአጎት ልጅ ነበረች። የወለዱት ልጅ ዶን ካርሎስ እንደማንኛችንም ስምንት ቅድመ አያቶች ሊኖሩት ሲገባ አራት ብቻ ነበሩት። ልጁ አስቸጋሪ ሆነ። በ1568 አባቱ ራሱ አስሮት፣ እስሩ ላይ እንዳለ በ23 ዓመቱ ሞተ። ለዶን ካርሎስ ስትታሰብ የነበረች አና የምትባል የኦስትሪያ ልዕልት ነበረች። ልጁ ሲሞት ፌሊፔ ምን አደረገ? ራሱ አገባት። የገዛ እህቱ ልጅ ናት። አምስት ልጆች ወለዱ። ለአካለ መጠን የደረሰው አንዱ ብቻ ነው፤ ሣልሳዊ ፌሊፔ።

በነገራችን ላይ ይህ ሣልሳዊ ፌሊፔ ለእኛ ታሪክ ባዳ አይደለም። ፖርቱጋልንም አብሮ ይገዛ ስለነበር አፄ ሱስንዮስ ወታደር እንዲልክላቸው ደብዳቤ የጻፉት ለእሱ ነው። የጣና ዳሩ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝም የዚሁ ንጉሥ ተገዥ ነበር። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

የሣልሳዊ ፌሊፔ ልጅ ራብዓዊ ፌሊፔ ነው። ባልታሳር ካርሎስ የሚባል አንድ አልጋ ወራሽ ነበረው። የቤተ መንግሥቱ ሰዓሊ ቬላስኬዝ ፈረስ ላይ አስቀምጦ የሳለው ያ ጉንጨ ቀይ ልጅ። በ1646 ከቪየናዋ የአክስቱ ልጅ ከማሪያና ጋር ታጨ፤ እሷ ገና 11 ዓመቷ ነው። በዚያው ዓመት ባልታሳር 17 ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው ሞተ። ሙሽራ ያለ ሙሽራ ቀረች። አባትየው ሚስቱ ሞታበታለች፣ ወራሽ ወንድ ልጅ የለውም። በ1649 የልጁን እጮኛ ራሱ አገባት። እሱ 44፣ እሷ 14። የእህቱ ልጅ ናት። አያቱ ያደረገውን ደገመው፤ ልዩነቱ ቁጥሩ ላይ ብቻ ነው።

ማሪያና አምስት ልጅ ወለደች። የመጀመሪያዋን ታውቋታላችሁ። ስሟን ባታውቁም ፊቷን አይታችኋል። ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ያለው የቬላስኬዝ ትልቁ ሥዕል መሃል ላይ የቆመችው ነጭ ቀሚስ የለበሰች ወርቃማ ጸጉር ያላት ልጅ ማርጋሪታ ትባላለች። ሥዕሉ የ1656 ነው፤ አምስት ዓመቷ ነበር። አንዲት ደንገጡር ተንበርክካ በሳህን ላይ ትንሽ ቀይ ገንቦ ታቀርብላታለች። ውሻ ተኝቷል። ሰዓሊው ራሱ ብሩሹን ይዞ ቆሟል። ከኋላ ግድግዳው ላይ መስተዋት አለ፤ መስተዋቱ ውስጥ የንጉሡና የንግሥቲቱ ምስል ደብዘዝ ብሎ ይታያል። እነዚያ ሁለቱ አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። ይህን ካወቅሁ በኋላ መስተዋቱን እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

ማርጋሪታ ከትንሽነቷ ጀምሮ ለአጎቷ ለሊዮፖልድ እንድትዳር ታስቦ ነበር። ሊዮፖልድ የእናቷ ወንድም ነው፤ ቪየና ያለ፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነ። ልጅቷ ማድሪድ ናት፣ እሱ ቪየና። ዛሬ ቢሆን በቴሌግራም ፎቶ ይላካል። ያኔ ቬላስኬዝ ይልካል። ሦስቱ ሥዕሎች ዛሬም ቪየና የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ አሉ። አንዱ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት የሆናት ሮዝ ቀሚስ የለበሰች ሕፃን ናት፤ እጇን ጠረጴዛ ላይ አድርጋለች፣ ጎኗ የአበባ ማስቀመጫ አለ። ሁለተኛው ላይ አምስት ሆኗታል። ሦስተኛው የ1659 ነው። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ቀሚሱ በጎንና በጎን ተዘርግቶ እንደ ትንሽ ድንኳን ሆኗል። ስምንት ዓመቷ ነው። እጮኛው ዕቃው እንዴት እያደገ እንደሆነ ይከታተል ነበር ማለት ነው። ይቅርታ፣ ቃሉ ሻካራ ነው፤ ግን ሌላ ቃል አጣሁ።

ከሦስተኛው ሥዕል ጋር አብሮ የተላከ አንድ ሌላ አለ። የማርጋሪታ ታናሽ ወንድም ፌሊፔ ፕሮስፔሮ። ይህም የ1659 ነው፤ ልጁ ገና ሁለት ዓመቱ። ፊቱ ወረቀት መስሏል። ከወገቡ ላይ በነጩ ሽርጥ ዙሪያ ትንሽ ደወልና ክታቦች ተንጠልጥለውለታል። እኛ አንገት ላይ ክታብ እንደምናስረው ማለት ነው። የዓለምን ትልቁን መንግሥት የሚወርስ ልጅ ከሕመም የሚጠብቀው ያ ብቻ ነበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ነጭ ቡችላ ከልጁ ይልቅ ሕይወት ያላት ትመስላለች። ፕሮስፔሮ ኅዳር 1 ቀን 1661 ሞተ።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 6፣ ሌላ ወንድ ልጅ ተወለደ። ካርሎስ ተባለ። ዳግማዊ ካርሎስ።

እስቲ የዚህን ልጅ ቤት እንቁጠር። አንድ ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጬ ሠርቼዋለሁ። አባቱ ፌሊፔ፣ እናቱ ማሪያና። ማሪያና የፌሊፔ የእህቱ ልጅ ናት። ስለዚህ የካርሎስ እናት የአክስቱም ልጅ ናት። የእናቱ እናት አያቱ ናት፤ ግን የአባቱ እህት ስለሆነች አክስቱም ናት። ሣልሳዊ ፌሊፔ በአባቱ በኩል አያቱ ነው፤ በእናቱ በኩል ቅድመ አያቱ። እስክሪብቶዬ እየተመለሰ ያው ስም ላይ ያርፋል። ምንዥላት ጋ ስደርስ፣ አምስተኛው ላይ ማለት ነው፣ 32 ሰዎች መጻፍ ነበረብኝ። 18 ብቻ አገኘሁ። ስምንቱም ቅድመ አያቶቹ ደግሞ የዚያች የተዘጋባት ሁዋና ዘሮች ናቸው። አንዱ እንኳ አላመለጠም። ያቺ ከጥግ «የኛም ናቸው» ያሉ እናት እዚህ ቢኖሩ አፋቸውን ሳይከፍቱ አይውሉም ነበር።

በ2009 የስፔን ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በኮምፒውተር ሠሩት። ከሦስት ሺህ በላይ ዘመዶችን መዝግበው የካርሎስን የዘር መቀራረብ ለኩ። 0.254 ሆነ። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ስለዚህ በዚህ መዝኑት፦ ወንድምና እህት ልጅ ቢወልዱ የልጁ መጠን 0.25 ነው። የካርሎስ ወላጆች ወንድምና እህት አይደሉም። የቀደሙት ጋብቻዎች ተጠራቅመው ግን እዚያው አደረሱት። እነዚሁ ሰዎች ሌላም ቆጥረዋል። ከ1527 እስከ 1661 በስፔን ነገሥታት ቤት 34 ልጆች ተወለዱ። 10 ልጆች አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ፤ እነሱን ጨምሮ 17 ልጆች አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። ግማሹ። ያኔ የድሀም ልጅ ይሞት ነበር፤ ግን ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ሐኪምና ሙሉ ጓዳ እያለ፣ ከገጠሩ መንደር የበለጠ ሞተ።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ባጭሩ ልበል። እያንዳንዳችን የተበላሸ ነገር በደማችን ተሸክመን እንዞራለን። ከአባት የመጣው ቢበላሽ ከእናት የመጣው ይሸፍነዋል። አባትና እናት ከአንድ ምንጭ ከቀዱ ግን ያው ብልሽት ከሁለቱም በኩል ይመጣል። ሸፋኝ የለም። ይኸው ነው።

ካርሎስ ዘግይቶ ተናገረ፣ ዘግይቶ ተራመደ። ጡት የጠባው አራት ዓመት ሊሞላው ድረስ ነው። አባቱ በ1665 ሲሞት ንጉሥ ሆነ፤ ንጉሥ ጡት መጥባት አይገባውም ተብሎ ያኔ አስጣሉት። እናቱ ሞግዚት ሆና ገዛች። አገጩ ከቅድመ አያቶቹ ሁሉ የባሰ ነበር፤ ላይኛውና ታችኛው ጥርሱ አይገናኝም፣ ምግብ ማላመጥ ይከብደዋል፣ ምላሱ ንግግሩን ያደናቅፈዋል። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች የቤተሰቡን ሥዕሎች ሰብስበው ለመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች አሳዩ። የዘር መቀራረቡ በጨመረ ቁጥር አገጩም እንደሚብስ አገኙ። ዝንቡ እንግዲህ ቀልድ ብቻ አልነበረም።

ሁለት ጊዜ አገባ። ሁለቱም አልወለዱለትም። የመጀመሪያዋ የፈረንሳዩ ንጉሥ የ14ኛው ሉዊ የወንድም ልጅ ነበረች፤ በ1689 ሞተች። ሁለተኛዋን በዓመቱ አመጡለት። ሕዝቡ በሹክሹክታ «መተት ተደርጎበታል» አለ። ቅጽል ስሙም ይኸው ሆኖ ቀረ፤ መተት የተደረገበት ንጉሥ። ነገሩ ሹክሹክታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የንስሐ አባቱ በሰሜን ስፔን በአንድ ገዳም ያሉ፣ ጋኔን ያደረባቸው መነኮሳይያትን አስጠየቀ። ጋኔኑ መለሰ ተባለ፦ ንጉሡ በልጅነቱ በጠጣው አንድ ሲኒ ቸኮላት ውስጥ ነው የተደገመበት። ከዚያ በኋላ ጸሎት ተደገመለት፣ ዘይት ተቀባ። የንስሐ አባቱ ራሱ በኋላ በሃይማኖት ፍርድ ቤት ፊት ቆመ።

ይህን ያነበብኩ ቀን ገርሞኝ ነበር። ምክንያቱ ወረቀት ላይ፣ ሁሉም ሰው በሚያውቀው የቤተሰብ ሐረግ ውስጥ፣ በቀለም ተጽፎ ተቀምጧል። እነሱ ሲኒ ውስጥ ፈለጉት። እርግጥ ዛሬ የምናውቀውን አያውቁም ነበር። ግን ቤተ ክርስቲያናቸው ለምን እንደሚከለክል ምንም አልጠረጠሩም ማለትም ይከብዳል። ፈቃድ የሚጠየቀው እኮ ለተከለከለ ነገር ነው።

አሁን ለካርሎስ ትንሽ ልሟገትለት። መጻሕፍቱ ሲስሉት ምራቁን የሚያዝረከርክ ጅል አድርገው ነው። ሰውየው ግን ሕመምተኛ እንጂ ምንም የማይገባው አልነበረም። በእሱ ዘመን የስፔን ገንዘብ ተስተካክሏል። በ1698 14ኛው ሉዊና የእንግሊዙ ንጉሥ ዊልያም ተስማምተው፣ እሱ ሳይሞት፣ እሱን ሳይጠይቁ፣ አገሩን በወረቀት ተከፋፈሉ። ካርሎስ ሰማ። ተናደደ። መልሱ ኑዛዜ ነበር፦ አገሬ አትከፈልም፣ ሙሉውን የሚወርስ የእህቴ የልጅ ልጅ ነው።

ይህች እህት ማርጋሪታ ናት። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ በሥዕል የተላከችው። አጎቷን አግብታ ነበር። ካገባችው በኋላም «አጎቴ» እያለች ትጠራው እንደነበር ይነገራል። አብረው ሙዚቃ ይወዱ ነበር፤ ጋብቻው መልካም ነበር ይባላል። አራት ልጆች ወለደች። ሦስቱ ሕፃን ሳሉ ሞቱ። እሷም በ1673 ሞተች፤ 21 ዓመቷ። የተረፈችው ልጅ ማሪያ አንቶኒያ ከመላው ሃብስበርግ የዘር መቀራረቧ ከፍተኛው ነው፤ ከካርሎስም ይበልጣል። አድጋ የባቫርያን መስፍን አገባች፣ በ1692 ወንድ ልጅ ወልዳ በዚያው ዓመት ሞተች። ዮሴፍ ፈርዲናንድ የሚባለው ያ ልጅ ነው እንግዲህ የካርሎስ ወራሽ የተባለው። አውሮፓም ሊስማማበት ነበር። ትንሽ ልጅ ነው፣ ፈረንሳይም ኦስትሪያም አይደለም፣ ማንንም አያስፈራም።

በየካቲት 1699 ሞተ። ስድስት ዓመቱ ነበር።

ካርሎስ ሌላ ኑዛዜ ጻፈ። ኅዳር 1 ቀን 1700 አረፈ፤ 39 ሊሞላው አምስት ቀን ሲቀረው። ቀኑን ልብ በሉት፤ ወንድሙ ፕሮስፔሮ የሞተበት ቀን ነው። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ጻፈው ተብሎ የሚጠቀስ ነገር አለ፦ ልቡ የቁንዶ በርበሬ ፍሬ ታክላለች፣ ሳንባው ተበልቷል፣ ራሱ ውኃ ሞልቶታል ይላል። እንዳለ ለመቀበል ይከብዳል። ሐኪሙ ያየውን ሳይሆን የደነገጠውን ያህል የጻፈ ይመስለኛል።

በአዲሱ ኑዛዜ ስፔን የሌላዋ እህቱ፣ የ14ኛው ሉዊ ሚስት የነበረችው፣ የልጅ ልጅ ለሆነ የ16 ዓመት ፈረንሳዊ ልዑል ሄደች። ቪየና እንቢ አለች። ከ1701 እስከ 1714 አውሮፓ ተዋጋች። ጂብራልታር በ1704 የተያዘችው በዚህ ጦርነት ነው፤ በ1713 በዩትሬክት ውል ለእንግሊዝ ሄደች፣ እስካሁንም አልተመለሰችም። የዛሬው የስፔን ንጉሥ ፌሊፔ 6ኛም የዚያ የ16 ዓመት ልዑል ዘር ነው። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ መሬቱ ከቤት እንዳይወጣ ሲጋቡ የኖሩት ሰዎች መሬቱን ለፈረንሳዩ የቡርቦን ቤት አስረከቡ።

አንድ ሥዕል ላሳያችሁና ላብቃ። እሱም ፕራዶ ነው ያለው። የሳለው የቬላስኬዝ አማች ማዞ ነው። ጊዜው 1666፣ አባታቸው ሞቶ ሐዘን ያልወጡበት ነው። ማርጋሪታ ጥቁር ለብሳ ቆማለች። አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። ወርቃማው ጸጉር ጠቆር ብሏል፣ አገጯም መውጣት ጀምሯል። በዚያው ዓመት ጸደይ ላይ ከማድሪድ ተነሥታ በየብስና በባሕር ተጉዛ ቪየና ደርሳ በታኅሣሥ አጎቷን ታገባለች። አትመለስም።

ከኋላዋ በር ተከፍቷል። በበሩ በኩል ሌላ ክፍል ይታያል። እዚያ ሰዎች ቆመዋል፣ መሃላቸው አንድ ትንሽ ልጅ አለ። በጣም ቀርባችሁ ካላያችሁት ታልፉታላችሁ። ንጉሡ እሱ ነው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ ቡናው እስኪቀርብ ድረስ ጊዜ አለን።